ኤል ዲ ኤል እና የደም ቅዳ በሽታ

ኤል ዲ ኤል በደም ውስጥ ኮሌስትሮልን ተሸክሞ የሚዞር እጅግ ጥቃቅን ቅንጣት ነው። ስሙ «ዝቅተኛ እፍግታ ያለው ሊፖፕሮቲን» ለሚለው የእንግሊዝኛ ስያሜ ምኅጻረ ቃል ሲሆን፣ ሊፖፕሮቲን ማለት ስብና ፕሮቲን ተጣምረው የሠሩት ቅንጣት ማለት ነው። ኤል ዲ ኤልና ዘመዶቹ በደም ቅዳዎች (ደምን ከልብ ወደ አካል በሚወስዱት የደም ሥሮች) ግድግዳ ውስጥ ገብተው ሲቀሩ አቴሮስክሌሮሲስ የተባለ በሽታ ይጀምራል። ይህ በሽታ ለአሥርተ ዓመታት ምንም ስሜት ሳይሰጥ ሲያድግ ቆይቶ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ)፣ ስትሮክ ወይም የእግር ደም ሥር መጥበብ ሆኖ ይገለጣል።

በተለምዶ ኤል ዲ ኤል «መጥፎ ኮሌስትሮል»፣ ኤች ዲ ኤል ደግሞ «ጥሩ ኮሌስትሮል» ይባላሉ። አጠራሩ ለማስታወስ ቢቀልም ያሳስታል። በሁለቱም ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል አንድና ያው ሞለኪውል ነው፤ የሚለያዩት ተሸካሚዎቹ ናቸው። ነገሩን በጭነት መኪና ብንመስለው፣ ጭነቱ ኮሌስትሮል፣ መኪናው ሊፖፕሮቲን፣ መንገዱ ደም ቅዳ ነው። የጉዳቱን መጠን በዋናነት የሚወስነው በመንገዱ ላይ ስንት መኪና እንዳለና ስንት ዓመት እንደተመላለሰ ነው።

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኮሌስትሮልና ተሸካሚዎቹ

ኮሌስትሮል ሰም የመሰለ ንጥረ ነገር ሲሆን የእያንዳንዱ የእንስሳ ሕዋስ ሽፋን ያለ እሱ አይቆምም። ሰውነት ቫይታሚን ዲን፣ እንደ ኮርቲሶል፣ ቴስቶስተሮንና ኤስትሮጅን ያሉ ሆርሞኖችን፣ እንዲሁም ስብን ለመፍጨት የሚረዱትን የሐሞት አሲዶች የሚሠራው ከእሱ ነው። ስሙም «ሐሞት» እና «ጠጣር» ከሚሉ የግሪክ ቃላት የመጣ ነው፤ ምክንያቱም በ18ኛው ክፍለ ዘመን በፈረንሳይ መጀመሪያ የተገኘው በሐሞት ጠጠር ውስጥ ነበር። የሰው ሕዋሳት ከሞላ ጎደል ሁሉም ኮሌስትሮልን ራሳቸው መሥራት ይችላሉ። ስለዚህ ሰው ከምግብ ኮሌስትሮል ባያገኝ አይጎዳም።

ዕፅዋት ኮሌስትሮል የላቸውም ማለት ይቻላል። በዘይት ጠርሙስ ላይ «ከኮሌስትሮል ነፃ» ተብሎ የሚጻፈው እውነት ቢሆንም ስለ ዘይቱ ጥራት የሚነግረን ነገር የለም፤ የአትክልት ዘይት ሁሉ እንዲሁ ነውና።

ኮሌስትሮል እንደ ቅቤ በውኃ አይሟሟም፤ ደም ደግሞ አብዛኛው ውኃ ነው። በመሆኑም ጉበት ኮሌስትሮልንና ትራይግሊሰራይድ የተባለውን ስብ ጠቅልሎ ይልካል። ጥቅሉ ከውጭ ውኃ የሚወድ ሽፋንና ፕሮቲን፣ ከውስጥ ደግሞ ስቡ ያለበት ድቡልቡል ነገር ነው። ከጉበት ሲወጣ ተለቅ ያለ ሲሆን ቪ ኤል ዲ ኤል ይባላል፤ ዋና ጭነቱም ትራይግሊሰራይድ ነው። በጡንቻና በስብ ሕዋሳት አጠገብ በሚያልፍበት ጊዜ ኢንዛይሞች ትራይግሊሰራይዱን እየቆረጡ ያወርዱለታል። ጭነቱ ሲቀንስ ቅንጣቱ ይጠብባል፤ መጨረሻ ላይ በኮሌስትሮል የተሞላ ትንሽ ቅንጣት ሆኖ ይቀራል። ኤል ዲ ኤል ይኸው ነው። ስፋቱ 22 ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ ሚሊሜትር ላይ 45,000 ያህሉ ጎን ለጎን ሊደረደሩ ይችላሉ። በእያንዳንዱ ውስጥ 1,500 ያህል ከስብ አሲድ ጋር የተጣመሩ የኮሌስትሮል ሞለኪውሎች፣ ከነዚህም ሌላ በሽፋኑ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ያልተጣመሩ ኮሌስትሮሎች አሉ።

በዚህ ሁሉ ጉዞ የማይለወጥ አንድ ነገር አለ፤ እሱም አፖሊፖፕሮቲን ቢ (በአጭሩ አፖ ቢ) የተባለው ፕሮቲን ነው። ከ4,536 አሚኖ አሲዶች የተሠራ ግዙፍ ፕሮቲን ሲሆን ቅንጣቱን እንደ መቀነት ይዞረዋል። አንድ ቅንጣት አንድ አፖ ቢ ብቻ አለው፤ ቅንጣቱ ከደም እስኪወገድ ድረስም አይለየውም። ከምግብ በኋላ ከአንጀት የሚወጡት ካይሎማይክሮን የተባሉ ትላልቅ ቅንጣቶችም የዚሁ ፕሮቲን አጭር ዓይነት አላቸው። ስለዚህ በደም ውስጥ ያለውን አፖ ቢ መለካት ቅንጣቶቹን አንድ በአንድ እንደ መቁጠር ነው። ደግሞም ከግድግዳው ጋር የሚጣበቀው ይኸው ፕሮቲን ነው።

በግድግዳው ውስጥ የሚሆነው

ደም ቅዳ ሦስት ንብርብር ግድግዳ አለው። ከደሙ ጋር የሚነካካው ውስጠኛው ገጽ አንድ ረድፍ ብቻ በሆኑ ጠፍጣፋ ሕዋሳት ተሸፍኗል። ከዚህ ረድፍ ሥር ኢንቲማ የተባለው ቀጭን ንብርብር አለ፤ በሽታው የሚኖረው እዚያ ነው። ከሱ ቀጥሎ ልሙጥ ጡንቻ፣ ከውጭ ደግሞ ማቀፊያ ሕብረ ሕዋስ ይገኛል።

ከ70 ናኖሜትር ገደማ የሚያንሱ ቅንጣቶች በጤነኛ የሽፋን ሕዋሳት ውስጥ እንኳ አልፈው ወደ ኢንቲማ ይገባሉ። አብዛኞቹ ተመልሰው ይወጣሉ። አንዳንዶቹ ግን ይቀራሉ። ምክንያቱ ኤሌክትሪካዊ ነው፤ በኢንቲማ ውስጥ ያሉት ፕሮቲዮግላይካን የተባሉ ረጃጅም ሞለኪውሎች አሉታዊ ሙል ሲኖራቸው በአፖ ቢ ላይ ያሉ አንዳንድ ክፍሎች አዎንታዊ ሙል አላቸው። ስለዚህ ይሳሳባሉ፤ ቅንጣቱም ይያዛል። ኬቨን ዊሊያምስና አይራ ታባስ በ1995 የበሽታው ወሳኝ መነሻ ይህ መያዝ ነው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በ2002 ደግሞ አፖ ቢው ከፕሮቲዮግላይካን ጋር በደንብ እንዳይጣበቅ ተደርጎ በተለወጠ አይጦች ላይ የተሠራ ምርምር ታተመ፤ የደማቸው ኮሌስትሮል ከፍ ያለ ሆኖ ሳለ በሽታው በእጅጉ ቀንሶ ተገኘ።

የተያዘው ቅንጣት እዚያው ሲቆይ ይበላሻል። ኦክስጅን ያጠቃዋል፣ ኢንዛይሞች ይቆራርጡታል፣ እርስ በርሱም ይጣበቃል። የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት ይህን የተበላሸ ነገር እንደ ባዕድ ይቆጥረዋል። የሽፋን ሕዋሳቱ በገጻቸው ላይ ማጣበቂያ ሞለኪውሎችን ያወጣሉ፤ በደም ውስጥ የሚያልፉት ሞኖሳይት የተባሉ ነጭ የደም ሕዋሳትም በነዚያ ተይዘው ወደ ኢንቲማ ይሰርጋሉ። እዚያም ማክሮፋጅ ወደሚባሉ «በላተኛ» ሕዋሳት ይለወጣሉ።

ችግሩ የሚከፋው እዚህ ላይ ነው። ተራ ሕዋስ በቂ ኮሌስትሮል ሲያገኝ በሩን ይዘጋል። ማክሮፋጅ ግን የተበላሸ ኤል ዲ ኤልን የሚውጥበት በር የጥጋብ መቆጣጠሪያ የለውም፤ ያገኘውን ሁሉ ይበላል። ሆዱ በስብ ጠብታ ይሞላል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ አረፋ ስለሚመስል «አረፋማ ሕዋስ» ይባላል። እነዚህ ተሰብስበው በደም ቅዳው ውስጥ ቢጫ መስመር ይሠራሉ። መስመሮቹ በልጆች ደም ቅዳ ላይ ሳይቀር ይታያሉ፤ ብዙዎቹም ጉዳት ሳያደርሱ ይኖራሉ።

ኤል ዲ ኤሉ መግባቱን ካላቆመ አረፋማ ሕዋሳቱ ይሞታሉ፤ የበሉት ኮሌስትሮል እዚያው ይፈስሳል፤ አንዳንዱም መርፌ የመሰለ ክሪስታል ይሆናል። የሞቱት ሕዋሳትና ስቡ ተደባልቀው ለስላሳ እምብርት ይሠራሉ። አቴሮስክሌሮሲስ የሚለው ቃል የመጣው ከዚሁ ነው፤ ፌሊክስ ማርሻን የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1904 ስሙን ያወጣለት «ገንፎ» እና «መደደር» ከሚሉ የግሪክ ቃላት ነው። ገንፎው እምብርቱ ነው። መደደሩ ደግሞ ሰውነት እምብርቱን ለመሸፈን የሚሠራው ክዳን ነው፤ የጡንቻ ሕዋሳት ከመካከለኛው ንብርብር ወጥተው ጠንካራ የኮላጅን ክር ያለብሱታል። ሙሉው እብጠት ፕላክ ይባላል። ከጊዜ በኋላ ካልሲየም ሊከማችበት ይችላል።

ብዙ ሰው በሽታውን ቧንቧ ውስጥ እንደሚጠራቀም ዝገት ያስበዋል። ይህ ትክክል አይደለም። ፕላክ የሚያድገው በግድግዳው ውስጥ እንጂ በገጹ ላይ አይደለም፤ ለረጅም ጊዜም ደም ቅዳው ወደ ውጭ እየሰፋ ስለሚያስተናግደው የደሙ መተላለፊያ ላይጠብብ ይችላል። ብዙ ጊዜ ሰው የሚሞተው ፕላኩ ቀስ በቀስ መንገዱን ስለዘጋ ሳይሆን ድንገት ስለተቀደደ ነው። ክዳኑ በብግነት ምክንያት ሳስቶ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ በታች ሲሆን ሊቀደድ ይችላል። ደሙ ከእምብርቱ ጋር እንደተነካካ በደቂቃዎች ውስጥ ይረጋል፤ የረጋው ደም መንገዱን ይዘጋዋል። በልብ ደም ቅዳ ላይ ከሆነ የልብ ጡንቻ መሞት ይጀምራል፤ ወደ አንጎል በሚሄድ ደም ቅዳ ላይ ከሆነ ስትሮክ ይሆናል። ክዳኑ ሳይቀደድ ገጹ ብቻ ተልጦ ደም የሚረጋበት ጊዜም አለ። ትናንት ደረጃ ሲወጣ የዋለ ሰው ዛሬ ድንገት የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው።

በሽታው ደም ቅዳን ሁሉ እኩል አይነካም። ደም ቅዳ በሚከፈልበትና በሚታጠፍበት ቦታ ፍሰቱ ይታወካል፤ የሽፋን ሕዋሳቱም ባሕርያቸውን ስለሚለውጡ ቅንጣት ለመያዝ ይመቻሉ። ደም መልሶች በተፈጥሯቸው ይህ በሽታ አይዛቸውም፤ ያው ኤል ዲ ኤል ግን በውስጣቸው ያልፋል። ከእግር የተወሰደ ደም መልስ በቀዶ ጥገና ልብ ላይ ተቀጥሎ የደም ቅዳን ግፊት መሸከም ሲጀምር ግን በዓመታት ውስጥ ፕላክ ይሠራል። ከፍተኛ የደም ግፊት፣ ሲጋራና የስኳር በሽታ የሚያባብሱትም በአብዛኛው በዚሁ በኩል ነው፤ ግድግዳውን ይጎዳሉ፣ ብግነቱን ያቀጣጥላሉ፣ ደሙም ቶሎ እንዲረጋ ያደርጋሉ።

ጉበትና የኤል ዲ ኤል ተቀባይ

አንድ የኤል ዲ ኤል ቅንጣት በደም ውስጥ የሚቆየው ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ገደማ ነው። አብዛኛውን የሚያነሳው ጉበት ሲሆን፣ የሚያነሳውም በሕዋሳቱ ገጽ ላይ ባለው «የኤል ዲ ኤል ተቀባይ» በተባለ ፕሮቲን አማካይነት ነው። ይህን ያገኙት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን የተባሉ በዳላስ፣ ቴክሳስ የሚሠሩ ሁለት ሐኪሞች ናቸው። መነሻቸው በዘር የሚወረስ ከፍተኛ ኮሌስትሮል ነበር። ከሁለቱም ወላጆቻቸው የተበላሸ ጂን የወረሱ ልጆች ኤል ዲ ኤላቸው ከተራው ሰው ብዙ እጥፍ ሲሆን፣ ካልታከሙ ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው የልብ ሕመም ይይዛቸዋል። ሁለቱ ተመራማሪዎች በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከነዚህ ሕሙማን የተወሰዱ የቆዳ ሕዋሳትን በብርጭቆ ሳህን አሳድገው ሲመረምሩ ሕዋሳቱ ኤል ዲ ኤልን መያዝ እንደማይችሉ ተረዱ። በ1985 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

የጉበትን ድርሻ በግልጽ ያሳየ አንድ ክስተት በ1984 በአሜሪካ ፒትስበርግ ተፈጽሟል። በዚህ በሽታ ልቧ የተጎዳ የስድስት ዓመት ልጅ ልብና ጉበት በአንድ ጊዜ ተተከሉላት። ልቡ የተተከለው የተጎዳውን ለመተካት፣ ጉበቱ ደግሞ ጤነኛ ተቀባይ እንዲኖራት ነበር። የኤል ዲ ኤል መጠኗ ከበፊቱ ወደ አንድ አምስተኛ ወረደ።

በዘር የሚወረሰው ቀለል ያለው ዓይነት፣ ማለትም ከአንድ ወላጅ ብቻ የሚመጣው፣ ብርቅ አይደለም፤ ከ250 ሰዎች በአንዱ ላይ ገደማ ይገኛል። እነዚህ ሰዎች ቀጭን፣ የማያጨሱና ሥራ የሚወዱ ሊሆኑ ይችላሉ። ኮሌስትሮል የወፍራምና የሀብታም ሰው ጣጣ ነው የሚለው የተለመደ አስተሳሰብ የሚጎዳው በተለይ እነሱን ነው፤ ማንም አይጠረጥራቸውም፣ ራሳቸውም አይጠረጥሩም። የኤል ዲ ኤል ኮሌስትሮል 190 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም አባት ወይም ወንድም ከ55 ዓመት በፊት፣ እናት ወይም እኅት ከ60 ዓመት በፊት የልብ ሕመም ከያዛቸው ይህን መጠርጠር ተገቢ ነው። አንዳንዶቹ ላይ ከተረከዝ በላይ ባለው ጅማት ወይም በእጅ ጅማቶች ላይ እብጠት ይታያል።

ብራውንና ጎልድስታይን ሌላም ነገር አሳይተዋል። ሕዋስ ኮሌስትሮል ሲያንሰው ተጨማሪ ተቀባይ ይሠራል፤ ሲበዛበት ይቀንሳል። በዚያው ዘመን አኪራ ኤንዶ የተባለ ጃፓናዊ ተመራማሪ ከ6,000 በላይ የሻጋታና የመሰል ሕያዋን ዓይነቶችን ፈትሾ፣ ሕዋስ ኮሌስትሮል የሚሠራበትን ዋና ኢንዛይም የሚያግድ ንጥረ ነገር ከአንድ የፔኒሲሊየም ሻጋታ አገኘ። ስታቲን የተባሉት መድኃኒቶች መነሻ ይህ ነው። ስታቲን ጉበትን ኮሌስትሮል ያስርበዋል፤ የተራበው ጉበት ተቀባዮቹን አብዝቶ ኤል ዲ ኤልን ከደም ይጠርጋል።

መንስኤ መሆኑ እንዴት ታወቀ

በ1910 ጀርመናዊው ኬሚስት አዶልፍ ቪንዳውስ በፕላክ ያለ የትልቁ ደም ቅዳ ግድግዳ ከጤነኛው ይልቅ 20 እጥፍ ያህል ኮሌስትሮል እንዳለው ዘገበ። በ1913 ኒኮላይ አኒችኮቭና ሴምዮን ቻላቶቭ በሴንት ፒተርስበርግ ንጹሕ ኮሌስትሮልን በሱፍ ዘይት አሟሙተው ጥንቸሎችን መገቡ፤ ደም ቅዳዎቻቸው ከሰው ጋር የሚመሳሰል ፕላክ አወጡ። ዘይቱን ብቻ የበሉት አላወጡም። ሥራቸው ግን ለብዙ ጊዜ ችላ ተባለ፤ ሌሎች ሰዎች በአይጥና በውሻ ላይ ሞክረው ስላልሠራላቸው ጥንቸል ሣር በል ስለሆነች ነው ተባለ። ተቃውሞው መሠረተ ቢስ አልነበረም፤ የተዘነጋው አይጥና ውሻ ኤል ዲ ኤልን ቶሎ የሚያስወግዱና ብዛቱ በደማቸው ከፍ የማይል እንስሳት መሆናቸው ነው።

ትኩረትን ከኮሌስትሮል ወደ ቅንጣቱ ያዞረው ጆን ጎፍማን ነው። በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ እጅግ ፈጣን በሆነ የማሽከርከሪያ መሣሪያ የደም ቅንጣቶችን በእፍግታቸው ለይቶ በ1950 ባወጣው ጽሑፍ፣ ከልብ ሕመም ጋር የሚያያዙት የተወሰኑ ቅንጣቶች መሆናቸውን አመለከተ። በ1953 ደግሞ በኮሪያ ጦርነት ከሞቱ 300 የአሜሪካ ወታደሮች 77 በመቶው በልባቸው ደም ቅዳ ላይ የበሽታው ምልክት እንደነበረባቸው ተዘገበ። አማካይ ዕድሜያቸው 22 ዓመት ነበር።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ ለአሥርተ ዓመታት ቀጠለ። ኮሌስትሮልን ዝቅ ማድረግ የሰውን ሕይወት እንደሚያተርፍ ጥርጣሬን የዘጋው በ1994 የታተመው የስካንዲኔቪያ ሙከራ ነው። የልብ ሕመም የነበረባቸው 4,444 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ሲምቫስታቲን፣ ግማሾቹ የማስመሰያ እንክብል ለአምስት ዓመት ተኩል ያህል ወሰዱ። በመድኃኒቱ ወገን ሞት በ30 በመቶ ቀነሰ። ብዙ ሙከራዎች ተደምረው ሲታዩ ኤል ዲ ኤል በ39 ሚሊግራም በዴሲሊትር ገደማ በቀነሰ ቁጥር ከባድ የልብና የደም ሥር አደጋ በአምስት ዓመት ውስጥ በ22 በመቶ ያህል ይቀንሳል።

ጥያቄው ግን ይህ ነው፤ ቅናሹ የመጣው በኤል ዲ ኤል መውረድ ነው ወይስ ስታቲን ሌላ የሚሠራው ነገር ስላለ? መልሱን የሰጠው ዘረመል ነው። ፒ ሲ ኤስ ኬ 9 የተባለ ፕሮቲን የኤል ዲ ኤል ተቀባዮችን እንዲፈርሱ ያደርጋል። በ2003 በፈረንሳይ ቤተሰቦች ላይ በተደረገ ጥናት ይህ ፕሮቲን ከመጠን በላይ ሲሠራ ከፍተኛ ኮሌስትሮል እንደሚያመጣ ታወቀ። በዳላስ ያሉት ጆናታን ኮኸንና ሄለን ሆብስ በተቃራኒው አሰቡ፤ ፕሮቲኑ የማይሠራላቸው ሰዎችስ? እንዲህ ያሉ ለውጦች የአፍሪካ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ዘንድ ከሌላው ይልቅ ይገኛሉ። በ2006 ባወጡት ጽሑፍ ከተጠኑት ጥቁር አሜሪካውያን 2.6 በመቶው ለውጡ ነበረባቸው፤ ኤል ዲ ኤላቸው ከሌሎቹ በ28 በመቶ ብቻ ዝቅ ይላል። በ15 ዓመት ክትትል የታየው የልብ ደም ቅዳ በሽታ ግን በ88 በመቶ ያነሰ ነበር፤ ያውም የደም ግፊት፣ ሲጋራና የስኳር በሽታ በበዙበት ማኅበረሰብ ውስጥ።

28 በመቶ ቅናሽ መካከለኛ ስታቲን የሚያመጣው ያህል ነው። መድኃኒቱ ግን ይህን ያህል ጥበቃ አይሰጥም። ልዩነቱ ጊዜው ነው፤ እነዚህ ሰዎች ዝቅ ብሎ የኖረው ከተወለዱ ጀምሮ ነው፣ መድኃኒት ግን ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በሽታው ከተሠራ በኋላ ነው። በ2012 የታተመ በርካታ ጂኖችን ያጠቃለለ ጥናትም ከልደት ጀምሮ የሚኖር ዝቅተኛ ኤል ዲ ኤል፣ ዘግይቶ በስታቲን ከሚመጣው ተመሳሳይ ቅናሽ ሦስት እጥፍ ያህል እንደሚከላከል አሳይቷል። ከሲጋራ ጋር ይመሳሰላል፤ የሳንባ ሐኪሞች በቀን ስንት ፓኬት ብቻ ሳይሆን ለስንት ዓመት ብለው የሚጠይቁት በዚሁ ምክንያት ነው።

ኤች ዲ ኤልና ሊፖፕሮቲን ኤ

ኤች ዲ ኤል አፖ ቢ የሌለው ትንሽ ቅንጣት ነው። መጠኑ ከፍ ያለ ሰዎች የልብ ሕመም ያንሳቸዋል። ነገር ግን ኤች ዲ ኤልን የሚያበዛው ቶርሴትራፒብ የተባለ መድኃኒት በመድኃኒቱ ወገን ሞት ስለበዛ ሙከራው በ2006 ተቋረጠ፤ ኤች ዲ ኤልን ብቻ ከፍ የሚያደርጉ የዘረመል ለውጦችም ከበሽታው አላዳኑም። ስለዚህ «ጥሩው ኮሌስትሮል ከፍ ስላለ መጥፎው አይጎዳኝም» የሚለው መጽናኛ መሠረት የለውም።

ሊፖፕሮቲን ኤ ኖርዌያዊው ኮሬ ቤርግ በ1963 ያገኘው ሲሆን፣ ተጨማሪ ፕሮቲን የተለጠፈበት ኤል ዲ ኤል መሰል ቅንጣት ነው። መጠኑ ከሞላ ጎደል በዘር የሚወሰን ስለሆነ በምግብ አይለወጥም። በአማካይ የአፍሪካ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ከአውሮፓውያን ይበልጣል። በዕድሜ አንድ ጊዜ መለካቱ በቂ ነው።

ምግብና ኤል ዲ ኤል

ከምግብ ውስጥ ኤል ዲ ኤልን ይበልጥ የሚያነሳው በእንቁላል ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ሳይሆን ሳቹሬትድ የተባለው፣ በክፍል ሙቀት የሚረጋው የስብ ዓይነት ነው። ይህ ስብ በጉበት ያሉትን የኤል ዲ ኤል ተቀባዮች ሥራ ይቀንሳል። በብዛት የሚገኘው በቅቤ፣ በጮማና በፓልም ዘይት ውስጥ ነው። በኢትዮጵያ ገበያ «የሚረጋ ዘይት» የሚባለው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ስብ ነው። በጾም ወራት ቅቤ፣ ሥጋና ወተት ሲቀሩ የዚህ ስብ መጠን ይወርዳል፤ በምትኩ የሚረጋው ዘይት በብዛት ከገባ ግን የወረደው ተመልሶ ይመጣል። እንደ ኑግ፣ ሰሊጥና ሱፍ ያሉ ፈሳሽ ዘይቶች ሳቹሬትድ ስባቸው አነስተኛ ነው። በአጃ፣ በገብስና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው በውኃ የሚሟሟ አሰር የሐሞት አሲድን ይዞ ስለሚወጣ ኤል ዲ ኤልን በመጠኑ ይቀንሳል።

ቡናም ከዚህ ርዕስ ጋር ይገናኛል። በ1983 በሰሜን ኖርዌይ፣ ትሮምሶ የተደረገ ጥናት ብዙ ቡና የሚጠጡ ሰዎች ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳየ። ኋላ እንደታወቀው ምክንያቱ ካፌይን ሳይሆን በቡናው ዘይት ውስጥ ያለ ካፌስቶል የተባለ ንጥረ ነገር ነው። የወረቀት ማጣሪያ ይዞ ያስቀረዋል፤ ተፈልቶ ሳይጣራ የሚጠጣ ቡና ውስጥ ግን ይቀራል። የጀበና ቡናም ተፈልቶ አተላው ሲዘቅጥ የሚቀዳ እንጂ በወረቀት የሚጣራ ባለመሆኑ ከዚሁ ወገን ነው፤ ወደ ሲኒው የሚገባው መጠን እንደ አፈላሉና ጀበናው እንዳረፈበት ጊዜ ይለያያል።

ያም ሆኖ ምግብ ሊለውጠው የሚችለው የተወሰነ ነው። ጉበታቸው በተፈጥሮ ቀርፋፋ ለሆነባቸው ሰዎች አመጋገብ ብቻውን አይበቃም።

መለካትና ሕክምና

ከፍተኛ ኤል ዲ ኤል ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ድካም አያመጣም፤ ያለ ደም ምርመራ ማወቂያ የለውም። ብዙ ላቦራቶሪዎች ኤል ዲ ኤልን በቀጥታ አይለኩም። ከጠቅላላው ኮሌስትሮል ላይ ኤች ዲ ኤልንና የትራይግሊሰራይድን አንድ አምስተኛ በመቀነስ ያሰሉታል። ይህ በ1972 የወጣ የዊሊያም ፍሪድዋልድ ቀመር ሲሆን ትራይግሊሰራይድ ከ400 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲበልጥ አይሠራም። ውጤቱ የሚነግረን የጭነቱን ክብደት እንጂ የመኪናውን ብዛት አይደለም። የስኳር በሽታና የሆድ ውፍረት ባለባቸው ሰዎች ቅንጣቶቹ ብዙና ጭነታቸው ትንሽ ስለሚሆን የኤል ዲ ኤሉ ቁጥር ደህና መስሎ ሳለ አፖ ቢው ከፍ ሊል ይችላል። አፖ ቢ መለካት በማይቻልበት ቦታ ጠቅላላ ኮሌስትሮል ሲቀነስ ኤች ዲ ኤል የተሻለ ግምት ይሰጣል፤ ተጨማሪ ምርመራም አይጠይቅም።

ለሁሉም ሰው የሚሆን አንድ «ትክክለኛ» ቁጥር የለም። አዲስ የተወለደ ሕፃን ኤል ዲ ኤል ከ30 እስከ 50 ሚሊግራም በዴሲሊትር ገደማ ነው። የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ለደረሰባቸው ሰዎች የአውሮፓ ሐኪሞች መመሪያ በ2019 ያስቀመጠው ግብ ከ55 በታች ነው። በሽታ ለሌለበት ወጣት ግን 110 ላይ መሆን ብዙ ጊዜ መድኃኒት አያስጀምርም።

ስታቲን አሁን ርካሽና በሰፊው የሚገኝ መድኃኒት ነው። በጣም አልፎ አልፎ ጡንቻን በከባድ ይጎዳል፤ የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድልንም በትንሹ ይጨምራል። በ2020 በታተመ በእንግሊዝ በተደረገ ጥናት በጡንቻ ሕመምና በመሰል ስሜት ስታቲን ያቆሙ ሰዎች በየወሩ እየተፈራረቀ መድኃኒቱ፣ የማስመሰያ እንክብል ወይም ምንም ሳይሰጣቸው ተከታተሏቸው፤ ከተሰማቸው ሕመም 90 በመቶው በማስመሰያውም ታየ። ሕመሙ እውነተኛ ነበር፤ የመጣው ግን በአብዛኛው ከመጠበቅ ነው። ስታቲን በእርግዝና ጊዜ በአብዛኛው ይቆማል። ኢዜቲሚብ ኮሌስትሮል በአንጀት እንዳይመጠጥ ያግዳል። የፒ ሲ ኤስ ኬ 9 ፀረ እንግዳ አካላት በየሁለት ሳምንቱ ወይም በየወሩ ከቆዳ ሥር የሚወጉ ሲሆኑ ኤል ዲ ኤልን በ60 በመቶ ያህል ያወርዳሉ። ኢንክሊሲራን የተባለው ደግሞ ጉበት ያንኑ ፕሮቲን እንዳይሠራ የሚያደርግ መርፌ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት መርፌዎች በኋላ በዓመት ሁለት ጊዜ ይሰጣል።

ኤል ዲ ኤል በጣም ሲወርድ ፕላኩ በመጠኑ ይሰበሰባል፤ ከዚህ የሚበልጠው ጥቅም ግን እምብርቱ አንሶ ክዳኑ መወፈሩና የመቀደድ ዕድሉ መቀነሱ ነው። የገባው ካልሲየም አይወጣም። ስታቲን በሚወስዱ ሰዎች የካልሲየም መጠን ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ ይህም ብዙ ጊዜ ፕላኩ እየጠነከረ መሄዱን እንጂ በሽታው መባባሱን አያመለክትም።